አፋቸውን የከፈቱት ዓሦች

አንድ ደግ ቤት ውስጥ የሆነውን የሰማ ሁሉ ክው ብሎ ነው የቀረው። ክፉ ሰው ቤት ሆኖ ቢሆን ማንም ባልደነገጠ ነበር። ጉዱ የተገኘው ግን ሰው ሳይበላ ከማይወጣበት ቤት ነው፤ ያውም በክፋት ሳይሆን በፍቅር። እስከ መጨረሻው ተከተሉት፤ ምናልባት እናንተም ቤት ያለ ነገር ሊሆን ይችላል።

የዚያ ቤት እመቤት አሰገደች ትባላለች። እጇ ለማጉረስ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። መብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሠራተኛ እንኳ ከቤቷ በልቶ ነው የሚወጣው። ጠግቤአለሁ የሚል እንግዳ ካለ ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች። "በሞቴ፣ ይቺን ብቻ" ትላለች፤ ይቺን ብቻ የምትላት ጉርሻ ደግሞ አንድም ቀን ብቻዋን መጥታ አታውቅም። ሰፈሩ በዚህ ይወዳታል፣ ትንሽም ይፈራታል።

ባሏ ወንድይራድ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወልድያ ድረስ፣ ዕድሜውን በዚያ መንገድ ላይ ፈጀው። ወሬ አያበዛም። አንድ አመል ብቻ ነበረው፤ መስኮቱ ካልተከፈተ አይነዳም። ተሳፋሪው ደግሞ አውቶቡሱ ገና ሳይንቀሳቀስ መስኮት መዝጋት ይጀምራል፤ አንዱ ብርድ ይመታኛል ይላል፣ አንዷ ሕፃን ይዣለሁ ትላለች፣ ሌላው ሳይነስ አለብኝ ይላል። እሱ ግራ ክርኑን በመስኮቱ አውጥቶ፣ ሳይቆጣ፣ "እኔ አየር ካጣሁ አንቀላፋለሁ፤ እኔ ካንቀላፋሁ ሁላችሁም ትሞታላችሁ። ምረጡ" ይላቸዋል። ከዚያ በኋላ ስለ መስኮት የሚያነሳ አይኖርም።

ይህ ሰው ጡረታ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ቀን ከወንበሩ ሊነሳ ሲል ተዘረረ። ደም ግፊት ነው አሉት። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ከሁሉ የከፋው ግን የምላሱ ነገር ነው። ሊል የፈለገውን ያውቀዋል፣ ቃሉም ይመጣለታል፤ ብቻ ቀስ ብሎ፣ አንዱ ከሌላው በጣም ርቆ ነው የሚመጣው።

ሐኪሙ አሰገደችን ወደ ጎን ጠርቶ፣ "ይናገር" አላት። "ቃሉ ይዘገያል፤ እስኪመጣ ጠብቁት። እናንተ የምትጨርሱለት ከሆነ መናገሩን ይተወዋል። አንዴ ከተወው ደግሞ መመለሱን እንጃ።"

"ምግብስ?" አለች አሰገደች።

"ምግብም ይብላ፣ በመጠኑ። ዋናው ግን መናገሩ ነው።"

እሷ ይዛ ወደ ቤቷ የገባችው "ይብላ" የምትለዋን ብቻ ነው።

የታመመ ሰው ያለበት ቤት ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ሰፈሩ ጎረፈ። ብርቱካኑ፣ ሙዙ፣ አጥሚቱ፣ ወተቱ በየጥጉ ተከመረ፤ በአልጋው ዙሪያ ወንበር ተደረደረ። ከአልጋው በስተግራ ያለው መስኮት ግጥም ተደርጎ ተዘጋ፤ በመስኮቱ ላይ መጋረጃ፣ በመጋረጃው ላይ ደግሞ ብርድ ልብስ ተሰቀለ። በሽተኛን ነፋስ ከነካው አበቃለት ነው ነገሩ። እንዴት ነህ ወንድይራድ ብሎ የሚጠይቀው ብዙ ነው። እሱም አፉን ከፍቶ የመጀመሪያዋን ቃል መፈለግ ይጀምራል። ቃሏን ሳያገኛት ከጎኑ የተቀመጠው ሰው፣ "ደህና ነው፣ ዛሬ ፊቱ ጥሩ ነው" ብሎ ይመልስለታል። አፉ ግን እንደተከፈተ ነው። አሰገደች ደግሞ የተከፈተ አፍ አይታ ማለፍ አትችልም። ታጎርሰዋለች።

የዓሦቹ ነገር የመጣው በዚህ መሃል ነው። ለክትትል ክሊኒክ በወሰደችው ቀን፣ እሱን በተሽከርካሪ ወንበር መጠበቂያ ክፍል ውስጥ አስቀምጣ ካርድ ለማውጣት ተሰለፈች። በክፍሉ ግድግዳ ሥር የመስታወት ገንዳ አለ፤ ውስጡ ትንንሽ ዓሦች ይዋኛሉ። ስትመለስ ከጎኑ የተቀመጡ የማታውቃቸው ሴት፣ "ባለቤትሽ ጨዋታ አዋቂ ናቸው" አሏት።

"ማን፣ እሱ?"

"አዎ። ይቺ ዓሣ መንገድ ታውቃለች፣ ጥጉ ጋ ስትደርስ ፍጥነት ትቀንሳለች አሉኝ።"

አሰገደች ወደ ባሏ ዞረች። ከታመመ ጀምሮ ይህን የሚያህል ነገር ከአፉ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም። እንዴት ሊሆን ቻለ ብላ መንገዱን ሁሉ አሰበችበት፤ የደረሰችበትም ዓሦቹ ናቸው የሚል ነው። ሴትየዋ ዝም ብለው መጠበቃቸውን ለአፍታም አላሰበችውም።

በማግስቱ ዓሣ የሚሸጥበት ሱቅ አፈላልጋ ሄደች። ባለሱቁ ሸምሱ ፊቱ የማይፈታ፣ ሲናገር እንኳ ገበያተኛ የሚያባርር የሚመስል ሰው ነው።

"ገንዳውንም ዓሣውንም ዛሬ ይዤ መሄድ እፈልጋለሁ። ዓሣውን በርከት አድርገህ ስጠኝ" አለችው።

"ገንዳውን ይውሰዱ። ዓሣ ግን ዛሬ አልሸጥልዎትም።"

"ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፉም። ውሃው ገና ነው።"

ከዚያ ሳትጠይቀው ያስረዳት ጀመር። ጠጠሩን በንጹሕ ውሃ ብቻ ይጠቡት፣ ሳሙና እንዳይነካው። የቧንቧ ውሃ መድኃኒት አለበትና ቀድተው ያቆዩት፣ ከዚያ ይጨምሩ። ተክሉን ይትከሉ፣ ማጣሪያውን ይሰኩት። ዓሣ ሳያስገቡ፣ አልፎ አልፎ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ብቻ ጣል እያደረጉ፣ ለሳምንታት ይተዉት። በጠጠሩ መሃል በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ይራባሉ፤ የዓሣን ቆሻሻ የሚበሉት እነሱ ናቸው። እነሱ ሳይኖሩ የገባ ዓሣ በገዛ ሽንቱ ይመረዛል። በኋላም ቢሆን ዓሣው ጥቂት፣ ምግቡም ቁንጥር ይሁን፤ የዓሣ ሆድ ከዓይኑ አይበልጥም። ውሃውን በየሳምንቱ ቀነስ አድርገው ይቀይሩት እንጂ ሁሉንም አይድፉት። ማጣሪያው አይጥፋ፣ አናቱም አይታፈን።

"ባዶ ውሃ ለሳምንታት ገትሬ ሰው ምን ይለኛል?" አለች አሰገደች።

"እንግዳ ሳይመጣ ቤት ያዘጋጁ የለ? እንደሱ ነው።"

ይህቺ ገባቻት። እያጉረመረመችም ቢሆን እንዳላት አደረገች። ገንዳው ከአልጋው ግርጌ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ወንድይራድ ለሳምንታት ተክሎቹንና ከማጣሪያው የሚወጣውን አረፋ ሲያይ ከረመ። ውሃው ሲደርስ ሸምሱ ራሱ ጥቂት ትንንሽ ዓሦች በላስቲክ ይዞ መጣ። ላስቲኩን እንደታሰረ ውሃው ላይ አንሳፈፈው። "ይላመዱ" አለ፤ ብዙ ቆይቶ ነው የፈታው።

ወንድይራድ ዓሦቹን በመንገዱ ስም ጠራቸው። ትልቁ ደብረ ብርሃን፣ ጥቁሩ ኮምቦልቻ፣ ፈጣኑ ደሴ፣ ሰማያዊዋ ሐይቅ፣ ከሁሉም ኋላ የምትቀረው ወልድያ ሆነች። ማለዳ ማለዳ አሰገደች ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ከእሱ ጋር ታያቸዋለች፤ ያኔ እጇ ትንሽ ሥራ ይፈታል። እሱም ቀስ ብሎ፣ "ደሴ... ኮምቦልቻን... ቀደመው" ይላል። ጥቂት ቆይቶ፣ "ዳገት ላይ... መቅደም... ክልክል ነው" ይልና በግማሽ ፊቱ ይስቃል። አሰገደችም ወደ ጓዳ ገብታ በደስታ ታለቅሳለች። ባሏ እየተመለሰላት ነበር።

ምነው እዚያው ላይ በቀረ። ግን ወሬው ወጣ። ወንድይራድን ዓሣ አናገረው ተባለ። በእኛ አገር ደግሞ የታመመ ለመጠየቅ ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነው። ብርቱካኑ እንደሆነ ቤቱን ሞልቶ መበስበስ ጀምሯል፤ ስለዚህ ጠያቂው ሁሉ ዓሣ ይዞ መምጣት ጀመረ። ሴቶቹ በላስቲክ፣ ወንዶቹ በሃይላንድ ጠርሙስ እያንጠለጠሉ ከየሱቁ ገዝተው መጡ። ዕድሩ እንኳ በስሙ ወፈር ያሉ ሁለት ዓሦች ላከ። አሰገደች አንዱንም አልመለሰችም። ስጦታ መመለስ የሰው ፊት መመለስ ነው ብላ የምታምን ሴት ናት። የመጣው ሁሉ በመጣበት ወደ ገንዳው ተገለበጠ።

ጠያቂው ዓሣ አምጥቶ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ማጉረስ አለበት። አንዱ የዳቦ ፍርፋሪ፣ ሌላው የቂንጬ ፍሬ ጣል ያደርጋል። ጎረቤቷ ፈለቀች ደግሞ ለበሽተኛው ካመጣችው ጨጨብሳ ላይ እየቆነጠረች ታካፍላቸዋለች፤ እኩል ይዳረሳቸው እያለች። አሰገደች ይህን ስታይ ልቧ ይሞላል። ቤቷ ዓሣ እንኳ የማይራብበት ቤት ሆነ።

የዓሣ ምግቡ ጣሳ ሲያልቅ ሌላ ልትገዛ ሸምሱ ጋ ተመለሰች። ሸምሱ ይዛ የመጣችውን ባዶ ጣሳ አይቶ ፊቱ ተለወጠ።

"ይሄ ዓመት የሚያደርስዎት ነበር። ዓሦቹ ስንት ሆኑ?"

"እኔ ቤቴ የመጣ አልቆጥርም" አለችው።

ሸምሱ ባንኮኒውን ተደገፈ። "እትዬ፣ ዛሬውኑ ልምጣና ላስቀንስዎት። እኔ ሰፊ ገንዳ አለኝ፣ አስቀምጣቸዋለሁ። ብቻ ወንዝ ውስጥ እንዳይጨምሯቸው፤ የወንዙን ዓሣ ያጠፋሉ።"

"እኔ እንግዳ ከቤቴ አስወጥቼ አላውቅም።"

"እንግዳ እኮ ሲበቃው ተነስቶ ይሄዳል። እነዚህ የሚወጡበት በር የላቸውም" አላት።

አሰገደች ተቀየመች። ልትገዛ የመጣችውን ጣሳ ሳትገዛ ወጥታ ከሌላ ሱቅ ገዛች። ይህንን ሰውዬ ምን ዓይነት እናት ናት ያሳደገችው እያለች ነው ቤቷ የደረሰችው።

ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን ፈለቀች ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ፣ "ይሄ እንደ ንብ የሚጮኸው ነገር በሽተኛ ያስተኛል?" አለችና የማጣሪያውን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለችው። ማንም መልሶ አልሰካውም፤ እንዲያውም ሁሉም ጸጥታው ጥሩ ነው አለ። ዝናቡ ሲበረታ ደግሞ አሰገደች ዓሦቹ አሳዘኗት። በዚህ ብርድ ራቁታቸውን ብላ ሲመሽ ገንዳውን ከነአናቱ በጋቢ ትጠቀልለው ጀመር።

ከዚያ በኋላ ነው ዓሦቹ አፋቸውን መክፈት የጀመሩት። ሁሉም ወደ ላይ ወጥተው፣ በውሃው ፊት ላይ ተደርድረው፣ አፋቸውን ወደ ጣሪያው ከፍተው ይዘጋሉ፣ ከፍተው ይዘጋሉ። ያየ ሁሉ አዘነላቸው። ፈለቀች፣ "እዩዋቸው እስቲ፣ ሲለምኑ" አለች። ዳቦ ተፈረፈረላቸው።

በዚያው ሰሞን ወንድይራድም አፉን መክፈት አበዛ። ዓይኑን ከገንዳው ወደ አሰገደች፣ ከአሰገደች ወደ ገንዳው ያመላልሳል። "አሰ... ጉ..." ይላል፤ እንደዚያ ነው በቁልምጫ የሚጠራት። "ውሃ..." ይላል። ውሃ ሲል ውሃ ያመጡለታል። ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፤ አልጠማውም ማለት ነው ይሉና አጥሚት ያመጡለታል። እንደገና አፉን ሲከፍት አሰገደች ገንፎውን አለዝባ፣ በማንኪያ ጫፍ አድርጋ፣ "በሞቴ" ትለዋለች። እሱም ይውጣል። ውጦ ሲጨርስ የያዛት ቃል ጠፍታበታለች። አንዴ እንባው በጉንጩ ወረደ፤ ጠያቂዎቹም በሽታው ሆደ ባሻ አድርጎታል አሉ።

ከዚያ አፉን መክፈቱን ተወው። ፊቱን ወደ ተዘጋው መስኮት አዙሮ ይተኛል። አሰገደች ሐኪሙ ያላት ትዝ አላት፤ አንዴ ከተወው መመለሱን እንጃ ነው ያላት። ባሏ እየሄደባት ነው። ለዚህ ጭንቀት የምታውቀው መድኃኒት ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ገንፎው ላይ ቅቤ ጨመረች፣ ዓሦቹም ላይ ዳቦ ጨመረች።

ከዚያ አንድ ጧት ቁርሱን ይዛ ገብታ፣ ሳህኑን ከአልጋው ራስጌ አስቀምጣ፣ የገንዳውን ጋቢ ገለጠች።

ውሃው ደፍርሶ አጥሚት መስሏል። ዓሦቹ በሙሉ በጎናቸው ተጋድመው ተንሳፍፈዋል። ደሴም፣ ሐይቅም፣ ወልድያም፣ በሃይላንድ የመጣውም፣ ዕድሩ የላካቸውም፤ አንድ እንኳ የሚንቀሳቀስ የለም። በመካከላቸው ማንም ያልነካው ዳቦ አብጦ ይዋልላል። ከመስታወቱ ጋር የተጣበቀው ኮምቦልቻ አፉ እንደተከፈተ ነው። በተከፈተው አፍ ውስጥ የዳቦ ፍርፋሪ ተሰንቅሯል።

አሰገደች የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ ቆመች። ዓይኗን ከዚያች ፍርፋሪ ላይ መንቀል አቃታት። እነዚህ ዓሦች ራባቸው እንዳይባል ምግቡ አፋቸው ድረስ ደርሷል። ታዲያ ሲከፍቱ የሰነበቱት አፍ ምን ፈልጎ ነው?

የመጀመሪያ ሐሳቧ ወንድይራድ እንዳያይ የሚል ነበር። ካየ ይሞትብኛል ብላ ጋቢውን መልሳ ልትጎትት ዞር ስትል፣ እሱ ነቅቶ እያያት ነው። አፉን ከፈተ፤ ከብዙ ቀን በኋላ።

እጇ ሳታዘው ወደ ሳህኑ ሄደ። ገንፎውን በማንኪያ ዝቃ፣ አቅንታ፣ ወደ አፉ ስታስጠጋ፣ ያ የተከፈተ አፍ ያ የኮምቦልቻ አፍ ሆኖ ታያት። እጇ በአየር ላይ ቀረ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ ከተከፈተ አፍ ፊት ጉርሻ መለሰች። ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀምጣ፣ ሁለት እጇን ታፋዋ ላይ አድርጋ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

መጠበቅ እንዲህ ከባድ መሆኑን አታውቅም ነበር። አመመህ ልትል ምላሷ ላይ ደረሰ፤ ዋጠችው። ውሃ ላምጣ ልትል ነበር፤ እሱንም ዋጠችው።

"አየር..." አለ ወንድይራድ።

ልትነሳ ስትል ግራ እጁን ከብርድ ልብሱ ላይ ትንሽ ከፍ አደረገ፤ ቆይ ማለቱ ነው። ቆየች።

"አየር... ነው... ያጡት።"

እሱም ትንፋሹን ሰበሰበ።

"አይቼ... ነበር። ልነግርሽ... ነበር።" ብዙ ቆየ፤ ፊቱ ላብ አወጣ። "አፌን... በከፈትኩ... ቁጥር... አጎረስሽኝ።"

አሰገደች ክው አለች። ዓሦቹ ሞተው ስታይ የደነገጠችው ድንጋጤ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምንም አልነበረም። ይህ ሰው ቀኑን ሙሉ በዚህ አልጋ ላይ ተጋድሞ፣ ደሴና ወልድያ እየታፈኑ ሲሞቱ፣ ዓይኑ እያየ፣ መድኃኒቱን በአፉ ይዞ ነበር። ማጣሪያውን ሰኪው፣ ጋቢውን አንሺው፤ ይኸው ነበር ሊላት የፈለገው። ቃሉ ከጉሮሮው ሊወጣ ሲል እሷ በገንፎ መልሳ ከተተችው። በፍቅር፣ በሞቴ እያለች፣ በገዛ እጇ። ያንን እጇን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አገላብጣ አየችው።

"ይቅር በለኝ" ልትል ፈለገች፤ ግን እሱ ገና አልጨረሰም ነበር። አፉ እንደገና ተከፈተ።

"አሰጉ... መስኮቱን... ክፈቺልኝ።"

ብርድ ልብሱን ቦጭቃ አወረደችው፣ መጋረጃውን ገፈፈችው። መስኮቱ ተዘግቶ ከመቆየቱ ብዛት እምቢ አላት፤ በትከሻዋ ገፍታ ከፈተችው። የክረምቱ አየር ገባ። ወንድይራድ በረጅሙ ሳበው። ከዚያ ደህናውን ግራ ክርኑን እየጎተተ አምጥቶ መስኮቱ ደፍ ላይ አስደገፈው፤ ልክ እንደ ድሮው፣ ያ ሁሉ ተሳፋሪ ከኋላው ተቀምጦ እንደነበረበት ጊዜ። አሰገደች ያኔ ነው ያለቀሰችው።

ሸምሱን ራሷ ሄዳ ጠራችው። የቀደመ ነገር አላነሳባትም። ገንዳውን አጥቦ፣ ውሃውን ደፍቶ፣ ጠጠሩን አለቅልቆ እንደገና ሞላውና ማጣሪያውን ሰካ። ዓሣ ግን አላስገባም። አሰገደች አሁን ሰው ምን ይለኛል አላለችም። የመጣ ጠያቂ ሁሉ ዓሦቹስ ሲላት፣ "እኔ ነኝ የገደልኳቸው" ትላለች ቁልጭ አድርጋ። ዓሣ ይዞ የመጣ ካለ በር ላይ ተቀብላ ወደ ሸምሱ ሱቅ ትመራዋለች። ወንበሮቹን ከክፍሉ አወጣች፤ ሁለት ብቻ አስቀረች። ሰፈሩ ጉድ አለ። አሰገደች ሰው መለሰች፣ አሰገደች ጠያቂ በተራ አስገባች፣ አሰገደች ያቺ ሰውን ሁሉ ስታጎርስ የኖረችው ከሰው እጅ ሳህን ተቀብላ ጓዳ አስቀመጠች ተባለ። የታመመችው እሷ ነች ያሉም ነበሩ።

ውሃው ደርሶ ሸምሱ ጥቂት ዓሦች ባስገባ ሰሞን ፈለቀች መጣች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ የተከፈተውን መስኮት በክፉ ዓይን እያየች ተቀመጠች። "እንዴት ነህ ወንድይራድ?" አለችው። እሱ አፉን ከፈተ። ቃሉ ዘገየ። ፈለቀች እንደ ልማዷ፣ "ደህና ነው፣ ፊቱም..." ስትል አሰገደች እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገችባት።

"ተይው፣ እየመጣ ነው" አለቻት።

ሁለቱም ጠበቁ። ማጣሪያው ድምፁን ያሰማል፣ ዓሦቹ ታች ከተክሉ መሃል ይመላለሳሉ፤ አንዱም ወደ ላይ አልወጣም።

"ደህና... ነኝ... ፈለቀች" አለ ወንድይራድ። ቀጥሎ ክርኑን መስኮቱ ላይ እንዳስደገፈ አያት። "ብርድ... ከመታሽ... ቦታ... ቀይሪ። መስኮቱ... አይዘጋም።"

ፈለቀች ደንግጣ አሰገደችን አየቻት። ያን ሁሉ ጊዜ ስትጠይቀው ስትኖር፣ መልሱን ከራሱ አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ መሆኑ ያኔ ነው የገባት። ወንበሯን አንስታ ወደ ግድግዳው ተጠጋች።

ታሪኩ ይህ ነው። ዓሣ ለማርባት ያሰበ ሰው ቢኖር፣ መጀመሪያ ውሃውን ያዘጋጅ፣ ጥቂት ያስገባ፣ ጥቂት ያብላ፣ አናቱን አይዝጋ። ግን ነገሩ ከዓሣም ያልፋል። የምንወደው ሰው አፉን ሲከፍት ሁልጊዜ ርቦት አይደለም። አንዳንዴ የሚነግረን ነገር አለው፤ አንዳንዴ የሚፈልገው አየር ብቻ ነው። እኛ መስጠት የለመድነውን ስንሰጠው እሱ የሚያስፈልገውን ሳያገኝ በእጃችን ላይ ያልቃል፤ እኛም ምን አጎደልንበት እያልን እንቀብረዋለን። ደግነት እጅ ብቻ ከሆነ ይገድላል፤ ጆሮም ያስፈልገዋል።

እስቲ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ዙሪያችሁን እዩ። አባት ይሁን፣ ሚስት ትሁን፣ ልጅ ይሁን፣ እናንተ ፊት አፉን ከፍቶ፣ ሳይናገር የተዘጋበት ማን ነው? ለመጨረሻ ጊዜ እስኪጨርስ የጠበቃችሁትስ መቼ ነው?